ሟርት በደመወዝ

በሀገራችን የሚያሟርት ሰው ይሰደባል፤ ካበዛው ደሞ ይደበደባል። እያሟረተ ደመወዝ የሚበላ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ በየጠዋቱ የሚጨበጨብለት ሟርተኛ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እነሆኝ። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው ዱባይ፣ አል ሪጋ፣ አንድ ያረጀ ሆቴል ሲታደስ ነው። እኛ ሀበሾቹ ስካፎልድ ተካዮች ነን። ስካፎልድ ማለት ሕንፃውን ዙሪያውን ከቦ የሚቆመው የብረት መወጣጫ ነው። ብረቱን እንተክላለን፣ ጣውላውን እናነጥፋለን፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣና እኛ ላይ ቆሞ ቀለም ቀብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሕንፃውን ያሳመርኩት እኔ ነኝ ይላል። ሲያልቅ የእኛን ፈተው መኪና ላይ ይጭኑታል። ሥራው ያማረ ዕለት የሚፈርስበት ባለሙያ በዓለም ላይ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ለዚህ ነው መሰለኝ ስካፎልድ ተካይ ሁሉ ቁጡ ነው። እኔ ግን ከዚያም በፊት ቁጡ ነበርኩ፤ ስምንተኛን ሳልጨርስ የወጣሁት ከሒሳብ መምህሬ ጋር በቃል ተጣልቼ ነው፣ በቃሉ እኔ ረትቼ በውጤቱ እሱ ረታኝ።

እድሳቱን የያዘው አንድ የጃፓን ድርጅት ነው። አለቃችን ሚስተር ሞሪ ይባላል፣ ትንሽዬ፣ ደረቅ ያለ፣ ልብሱ ሲሚንቶ የማይነካው ሽማግሌ። እሱ ሲመጣ አብሮት ወሬ መጣ። ሥራው ሲያልቅ ከእኛ መካከል ሰው መርጠው ጃፓን ሊወስዱ ነው ተባለ። እዚያ ወጣቱ አልቆ ስካፎልድ ላይ የሚወጣው አያት ብቻ ቀርቷል አሉ። የኔ ቪዛ ደሞ ከዚሁ ሥራ ጋር የታሰረ ነው፤ ሆቴሉ ቀለሙን ሲጨርስ እኔም አልቃለሁ፣ ወደ ኮምቦልቻ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ለእናቴ በስልክ «ምናልባት ጃፓን ልሄድ እችላለሁ» አልኳት። እናቴ ምናልባት የሚለውን ቃል ጆሮዋ አይቀበለውም። በማግስቱ ለሰፈሩ በሙሉ ጃፓን ነኝ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪና አዘዘኝ። የጎረቤታችን ልጅ መኪና ከነቀለሟ መርጣ ፎቶ ላከችልኝ። ከዕድር አንድ ሰውዬ ደውለው፣ ሬዲዮናቸው ተሠርቶ የመጣው ከእዚያ ስለሆነ ሲበላሽ ለማን እንደምነግርላቸው ጠየቁኝ። እንግዲህ ጃፓን መሄዴ የኔ ጉዳይ መሆኑ ቀረ፤ የቀበሌው ሆነ።

የምንኖረው አጅማን ነው፣ ቢድ ስፔስ። ለማያውቅ፣ ቢድ ስፔስ ማለት ቤት ሳይሆን አልጋ መከራየት ነው። ከአጅማን ተነስቶ ሻርጃን አቋርጦ ዱባይ መግባት ደሞ ሌላ ሥራ ነው፣ ደመወዝ የሌለው። የሻርጃ መንገድ ላይ ሰው ፂሙን ይላጫል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ አውቶቡሷ ግን እዚያው ናት። እንዲህ አንገታችን ጠሞ ስንደርስ፣ ሚስተር ሞሪ ሙዚቃ ከፍቶ ስፖርት ያሠራናል። እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን። አል ሪጋ ካፌ የሚሠሩት የእኛ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው በስልካቸው ይቀርጹናል። ቻልኩት።

ቀጥሎ ጣት መቀሰር መጣ። ከመውጣትህ በፊት እንዳትወድቅ የሚይዝህን የቀበቶህን መንጠቆ በጣትህ ጠቁመህ፣ ትክክል መሆኑን ጮክ ብለህ መናገር አለብህ። ብሎኑንም እንደዚያው፣ ጣውላውንም እንደዚያው። እኛ ሀገር ጣቱን የሚቀስር ወይ ዳኛ ነው ወይ ጠበኛ። አንድ ፓኪስታናዊ ቀለም ቀቢ፣ መንጠቆዬን ስጠቁም እሱን የሰደብኩት መስሎት እስከ ምሳ ሰዓት ተከተለኝ። ይኼንንም ቻልኩት። ለቀበሌው ስል።

ከዚያ ነው ክቡ የመጣው።

አንድ ጠዋት ሚስተር ሞሪ ክብ ሠርተን እንድንቆም አደረገን። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የምትመልስልን ሊያ ናት። ሊያ የሆቴሉ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እኛ የተዋስናት ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ እሷም ይኼንን በሰዓቷ ደጋግማ ታሳውቀናለች። ሰውዬው ተናገረ፣ ሊያ አዳመጠች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ መልሳ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«እንግዲህ የሚለውን ነው የምነግራችሁ፣ እኔ የለሁበትም» አለች። «በየቀኑ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ዛሬ ምን ክፉ ነገር ሊደርስ እንደሚችል እያንዳንዳችሁ ትናገራላችሁ።»

ሚስተር ሞሪ ምሳሌ ሊሆነን ብሎ ከራሱ ጀመረ። እኔ ሽማግሌ ነኝ አለ፤ ዛሬ ፀሐዩ አናቴ ላይ ሲወጣ አዙሮኝ ከደረጃ ወድቄ አንገቴ ሊሰበር ይችላል አለ። ይኼን የሚለው ፈገግ ብሎ ነው፣ ምሳ የሚያዝ ነው የሚመስለው። አጠገቤ የቆመው ሰይድ የሸሚዙን ኮሌታ ገልጦ ደረቱ ላይ እንትፍ እንትፍ አለ።

ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። የወሎ ሰው ነው፣ የከሚሴ። በዕድሜ ታላቄ ነው፣ ግን ብረት ላይ ሁሉም አንተ ነው የሚባባለው። ከእኛ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ የሚወጣው እሱ ነው፣ ዝንጀሮ ቢያየው ይቀናል። ሰባት ልጆች አሉት፤ የሚፈራው ነገር ከፍታ አይደለም፣ አፍ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ተው የሚለው ዘመድ የለውም እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ተራው የሱ ሆነ። አልሐምዱሊላህ ምንም የለም አለ። ሚስተር ሞሪ፣ ሊመጣ የሚችለውን ነው እንጂ ያለውን አይደለም አለው። የሚመጣውን አላህ ነው የሚያውቀው አለ ሰይድ። ሊያ መለሰችለት። ሽማግሌው አሰብ አደረገና፣ እግዚአብሔርስ ይወቅ፣ አንተ ራስህ ምን ታያለህ አለው። ሰይድ፣ እኔ እዚህ ጉዳይ ውስጥ አልገባም ብሎ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ቀጥሎ ታሪኩ የሚባለው ልጅ ነው። ታሪኩ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ጴንጤ፤ ዓርብ ዓርብ በኪራይ አዳራሽ ሲዘምር የጣራው ቆርቆሮ የሚነሳ የሚመስልበት ድምፅ ያለው። ዛሬ የድል ቀን ነው፣ ጠላት አፍሯል፣ የሚመጣብን መልካም ነገር ብቻ ነው አለ። ሁላችንም አሜን አልን። ሚስተር ሞሪ አሜኑን ሲሰማ ደስ ያለው መሰለ፤ ሊያ ስትተረጉምለት ግን ፊቱ ወደቀ። ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። እሷም ነገረችን። አደጋን በአፉ መናገር የማይችል ሰው ጃፓን መሥራት አይችልም፤ እዚያ መጥረጊያ የያዘው እንኳ ይናገራል።

የስፌት መኪናው ታየኝ። መኪናዋ ከነቀለሟ ታየችኝ። የእናቴ ፊት ታየኝ። ስለራሴ እንዳልናገር አላበድኩም። ስለዚህ አፌን ከፈትኩና፣ «ሰይድ ከላይኛው ፎቅ ሊወድቅ ይችላል» አልኩ።

በክፋት አይደለም፣ ዋላሂ። ከሁላችን ከፍ ብሎ የሚወጣው እሱ ነው፣ መውደቅ ካለ ደሞ የሚወድቀው ከፍ ያለው ነው። ሒሳብ ነው። ያ መምህር ቢሰማኝ ያሳልፈኝ ነበር።

ሰይድ አልተሳደበም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ቀበቶውን ፈታ፣ የራስ ቆቡን አወለቀ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ዛሬ አልወጣም አለ። ስለምነው ሰማዩን ያያል። ሰባት ልጅ አለኝ፣ አንተ ልጅ፣ አፍህን ምን አደረግኩት አለኝ። ታሪኩ እጁን ጫነበት፣ ጸለየለት፤ ሰይድ ዱዓውን ተቀብሎ እዚያው ተቀመጠ።

እንግዲህ እንባረራለን ብዬ ስጠብቅ፣ ሚስተር ሞሪ ሊያን ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም ይኼ ልጅ ትወድቃለህ ስላለው ፈርቶ ነው አለችው። ሰውዬው ዐይኑ ዕንባ አቀረረ። ይኼን ያህል ዘመን ሠራተኛ ሳስተምር አደጋን እንዲህ ከልቡ የሰማ ሰው አላየሁም አለ። ለእኔ ደሞ አረንጓዴ ጨርቅ አውጥቶ ክንዴ ላይ አሰረልኝ፣ በጃፓን ፊደል የተጻፈበት። ከዛሬ ጀምሮ የደኅንነት መሪ ነህ ተባልኩ። ታሪኩ ጽሑፉ የአውሬው ምልክት እንዳይሆን ብሎ ሊያን አስጠየቃት። «ደኅንነት ይቀድማል» የሚል ነው አሉ።

እንዲህ ሆኜ ነው በሹመት ሟርተኛ የሆንኩት።

ሹመት ይጣፍጣል። መጀመሪያ ሰሞን ጨርቄን ሳላወልቅ አጅማን ድረስ እሄድ ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የነገውን ክፉ አስባለሁ፤ ሌላው ሰው ፊልም ያያል፣ እኔ ሰው ሲወድቅ አያለሁ። ችግሩ የተናገርኩት መድረስ ሲጀምር ነው። አንድ ቀን መዶሻ ከላይ ሊወድቅ ይችላል አልኩ። መዶሻ የያዘው ልጅ ይኼን እያሰበ እጁ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከምሳ በፊት ለቀቀው። የሚስተር ሞሪ የሻይ ቴርሞስ ላይ አረፈ። ሚስተር ሞሪ የተበተነውን ጠርሙስ ዐየ፣ እኔን ዐየ፣ አጨበጨበ። ሠራተኛው አላጨበጨበም። በሌላ ቀን ሽቦ ጣት ሊቆርጥ ይችላል አልኩ፣ ቆረጠ። ሽቦ ድሮም ይቆርጣል፣ ሥራው ነው። ግን ይኼን ለማን ታስረዳለህ? ምላሰ ጥቁር የሚለው ስም ወጣልኝ።

ስም ከአውቶቡስ ይፈጥናል። አጅማን ስደርስ ቀድሞኝ ደርሷል። ከአልጋዬ በላይ ያለው ልጅ ቪዛው ሊታደስ ይጠብቃል፤ ወደ ታች አንገቱን አስግጎ፣ ስለኔ ጥሩም ሆነ መጥፎ እንዳትናገር ብሎ ለመነኝ። የሕንፃችን ሊፍት ቆመ፣ እኔ ነኝ ተባለ። አጅማን ሊፍት ሲሠራ ነው መገረም የነበረባቸው። አንዷ ካፌ የምትሠራ ልጅ ነበረች፣ ሰላምታ የጀመርን፤ ከሰላምታም ወዲያ ሐሳብ ነበረኝ። አሁን ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች፣ መኪና ሳታይ። ተይ መኪና ይገጭሻል እንዳልላት ደሞ ይባስ ነው።

ደንበኛም መጣልኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ሻርጃ ድረስ ጠይቆ አግኝቶኝ፣ ያስለቀሰኝ የኤጀንሲ ሰውዬ አለ፣ እባክህ ስለሱ አንድ ነገር በልልኝ አለ። ሂድልኝ ብለው አልሄደም። ለመገላገል፣ በቃ የመኪናው ጎማ ሊተነፍስ ይችላል አልኩት። ቅር ብሎት፣ «ጎማ ብቻ?» አለኝ።

ሥራ ቦታ ግን ነገሩ ከረረ። ክቡ ላይ አፌን ስከፍት ሰው ጆሮውን ይይዛል። ሰይድ ከሁላችን ቀድሞ መምጣት ጀመረ፤ ስንደርስ ከላይ ሲወርድ እናገኘዋለን፣ ሶላቱን እዚያ የሚሰግድ ነበር የሚመስለን። ሌሎቹ፣ ይኼን ልጅ ካላስቆማችሁ ሥራ እናቆማለን አሉ። እኔ ደሞ ካቆምኩ ጃፓን ቀረች።

መላ የመጣው ከታሪኩ ነው። «ወንድሜ» አለኝ፣ «አንተ ክፉውን ተናገር፣ እኔ እገሥጸዋለሁ።» ተስማማን። በማግስቱ ክቡ ላይ፣ መሰላሉ ሊንሸራተት ይችላል አልኩ። ታሪኩ ጣቱን መሰላሉ ላይ ቀስሮ በዚያ ድምፁ በኢየሱስ ስም አይንሸራተትም አለ። ክርስቲያኑ አሜን አለ። ሰይድ፣ እኔ የምሰማው ይኼን ብቻ ከሆነ አልወጣም ብሎ በራሱ መንገድ ዱዓ ጨመረበት፣ ሙስሊሙ አሚን አለ። ይኼኛው አሜን ሲል ያኛውን፣ ያኛውም አሚን ሲል ይኼኛውን እያገዘ፣ ሆቴሉ ውስጥ የተኙ ቱሪስቶች መስኮት ከፈቱ። ሚስተር ሞሪ እጁን አጣጥፎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። አደጋውን በጣት ጠቁመው፣ ባንድ ድምፅ ጮኸው ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች! ለሀገሩ ሰዎች ቀርጾ ላከው። ሊያ ግን ጥቂት ደቂቃ የተባለው ሥራዋ የጸሎት ፕሮግራም እንደሆነባት ነግራኛለች፤ ዲግሪዬ በማኔጅመንት ነው አለችኝ።

ሙሽኪላውን፣ ማለቴ ችግሩን፣ ያመጣው ያ ቪዲዮ ነው። ጃፓን ያለው ትልቁ ሰውዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ዐይቶት እነዚህን ሰዎች በዐይኔ ካላየሁ አለ። ይመጣል፣ ክቡን ያያል፣ የሚሄደውን እዚያው ይመርጣል ተባለ። እናቴ ስደውልላት በግ እየገዛች ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ትልቁ ሰውዬ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ነው፣ ጓንቱ ነጭ ነው፣ በጣም አሮጌ ነው። ገና ሲገባ እኛ እጅ ነሳን፣ እሱም ነሳ። ሰይድ ከኋላዬ ጃኬቴን ያዘኝ። እንግዳ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው፣ እሱ ፊት ዛሬ ብታሟርት እኔም አንተም ሰው አይደለንም አለኝ። እውነቱን ነው። የትም የተወለድክ ሀበሻ ብትሆን ይኼ ገብቶሃል። ታሪኩም ዛሬ የምስጋና ቀን ይሁን አለ። እሺ፣ ቀለል ያለች ነገር እላለሁ አልኳቸው፤ አቧራ ዐይን ሊገባ ይችላል ምናምን።

ክብ ሠራን። ሚስተር ሞሪ በእጁ ቀጥል አለኝ። ቀና ስል፣ ትልቁ ሰውዬ የቆመው ከስካፎልዱ ሥር ነው፤ በትክክል በአናቱ ላይ ደሞ አንድ ጣውላ ጫፏ ወጣ ብሎ ይታያል። ከሥር ሳያት የላላች መሰለችኝ። አቧራውን ረሳሁት።

አሁን ፍረዱኝ። ዝም ብል፣ ጣውላዋ ወርዳ አያት የሚያህል እንግዳ ትገድላለች። ብናገር፣ የሽማግሌ ፊት ቆሜ ትሞታለህ ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሲታመም እንኳ «አመመዎት ወይ» አይባልም፤ «ጠላትዎን አመመው ወይ» ነው የሚባለው። ክፉውን ከሰውዬው ላይ አንስተህ ጠላቱ ላይ ታሳርፈዋለህ፣ ሰሚው ይገባዋል። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በጨዋ ደንብ ተናገርኩ።

«ጌታዬ፣ አያድርገውና ጠላትዎ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ቢቆም፣ ያቺ ጣውላ ጠላትዎ አናት ላይ ትወርድበታለች።»

ሊያ ዐየችኝ። በሙሉ ልብ ተርጉሚ አልኳት። ቃል በቃል ተረጎመችው።

ትልቁ ሰውዬ አሰበ። ከዚያ በጨዋነት፣ ጠላት የለኝም አለ። አንድ የድሮ የሥራ ተወዳዳሪ ነበር፣ እሱም ሞቷል፣ እኔ ራሴ ቀብሩ ላይ ነበርኩ አለ። ሚስተር ሞሪ ፊቱ ነጣ። እኔ፣ አይደለም፣ ጠላትዎ ማለቴ፣ ማለት እርስዎ ሳይሆኑ እርስዎ ያሉበት ላይ፣ እያልኩ ስንተባተብ፣ ሰውዬው የጠላቱን ነገር እያሰላሰለ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ቀና ብሎ ጣውላዋን ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። ነፋስ ነፈሰ። ወይም የነፈሰ መሰለኝ።

ሮጬ ገፈተርኩት።

ከኋላው ለልስን የተቦካ ሲሚንቶ ያለበት ሰፊ ሳፋ ነበር። እዚያ ውስጥ ተቀመጠ፣ ነጭ ጓንቱን ወደ ላይ ይዞ።

ከዚያ ሁላችንም ቀና አልን። እኔ፣ ሊያ፣ ሚስተር ሞሪ፣ ሳፋው ውስጥ ያለው ሰውዬ፣ መንገድ ላይ የቆሙት የካፌ ልጆች። ጣውላዋን ጠበቅናት። በሕይወቴ ሟርቴ እንዲሰምር የጸለይኩት ያኔ ነው። ውረጂ አልኳት በሆዴ፤ እባክሽ፣ ትንሽ እንኳ፣ ስንጣሪ እንኳ ጣይልኝ። አንቺ ምላሴስ፣ ለሊፍቱ ስትሰምሪ፣ ለቴርሞሱ ስትሰምሪ፣ ዛሬ ምን ሆንሽ? ጣውላዋ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዬ ታሪኩ በለሆሳስ እየገሠጻት ነበር፤ ልገድለው ነበር።

ሚስተር ሞሪ ራሱ ወጣ። ጣውላዋን ያዛት፣ ነቀነቃት፣ ጎንበስ ብሎ ዐያት። ከዚያ ቀጣዩን ጣውላ ዐየ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ወረደ። እያንዳንዱ ጣውላ በብሎኑ ላይ በሽቦ ደግሞ ታስሯል፣ ድርብ ነው አለ። እኔ ይኼን አላዘዝኩም፣ ማነው ያደረገው አለ።

ሰይድ እጁን አወጣ። ትልቁ ሰውዬ ሁለት ሰው እየጎተተው ከሳፋው ሲወጣ፣ ለምን እንዳሰረው ጠየቀ።

«ከዚህ ልጅ አፍ ፈርቼ» አለ ሰይድ። «ሁሌ ጠዋት ቀድሜ እየመጣሁ ነው የማስረው። እሱ የተናገረው እንዳይደርስ።»

ለካ ሶላት አልነበረም።

ሊያ ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላወቅኩም። ትልቁ ሰውዬ ሲሚንቶው ከሱሪው እየተንጠባጠበ ሰይድ ፊት ቀረበና ወገቡን አጥፎ እጅ ነሳው። የሚሄደው ተመረጠ። ሰይድ፣ ከሱ ጋር ታሪኩ። እኔስ? ሚስተር ሞሪ ለብቻዬ ጠርቶ፣ አደጋ ታያለህ፣ ዐይንህ ጥሩ ነው አለኝ፤ ግን ወጥተህ ሳትነካ ሰው ትገፋለህ። ይቅርታ ብሎ ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እሱ ከኔ ዝቅ አለ። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ በዚህ ሰው አይበልጠኝም፣ ከሱ ዝቅ አልኩ። መሬት ልንደርስ ስንል ሊያ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራ አለብኝ አለችን። ጨርቄን ፈትቼ ሰጠሁት።

ለእናቴ ደወልኩ። እንደቀረሁ ስነግራት፣ ሄዷል ብዬ በግ አርጄ ሰው አብልቻለሁ፣ አሁን ተመለሰ ብዬ የበላውን ላስተፋው ነው? እዚያው ጃፓን ሁን አለችኝ። ስለዚህ እዚያው ነኝ። አንድ ኤጀንሲ ሻርጃ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶልኝ ቪዛዬ ዞረ፤ አልጋዬ አጅማን ናት፣ ኮምቦልቻ ሲጠይቀኝ ጃፓን ትንሽ ይሞቃል እላለሁ።

ተናድጄ ነበር። አሁንም ነኝ። ሰይድ ከጃፓን የደወለልኝ ቀን ላነሳው አልፈለግኩም፤ ሦስቴ ሲደውል አነሳሁት። እንደ ደስተኛ ሰው አይደለም ድምፁ። እዚህም ክቡ አለ አለኝ። በየጠዋቱ አለ። ታሪኩን ሌላ ከተማ ልከውታል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ተራዬ ሲደርስ አፌን እከፍታለሁ፣ ቃሉ አይወጣም። ክፉ በገዛ ምላሴ ጠርቼ አላውቅም፤ ሰባት ልጅ አለኝ። ሊመልሱኝ ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?» አልኩት።

«አንተማ የለመደ አፍ አለህ» አለኝ። «እባክህ ወንድሜ፣ የነገዬን በልልኝ።»

ሰድቤው ልዘጋው ነበር። ቃሉም ተዘጋጅቶ ነበር። ግን የት ነው የምትሠራው፣ ወለሉ ምን ዓይነት ነው፣ ዝናብ አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ራሴን ሰማሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመጋዘን ስመለስ፣ ሻርጃ መንገድ ላይ አውቶቡሷ ስትቆም፣ የነገውን ክፉ በስልክ ቀርጬ እልክለታለሁ። ብረቱ በዝናብ ያዳልጥሃል፣ ጫማህን አጥብቅ። ክሬኑ ሲዞር ከጀርባህ ይመጣል፣ ዙር። አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ቦታ መቀየር ጀምረዋል። ጠዋት እዚያ ክቡ ሲቆም ሰይድ ስልኩን መሃል ላይ ይይዛል፤ የኔ አማርኛ ይጮሃል፣ ከዚያ እሱ ብረቱን፣ ጫማውን፣ ክሬኑን በጣቱ ይጠቁማል። ጃፓኖቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሙኛል አሉ። አንዱ ማነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ኃላፊዬ ነው ብሎታል። ቪዛ የተከለከልኩት እኔ ነኝ እንጂ ምላሴማ ጃፓን ሥራ ገብቷል።

ባለፈው ሳምንት ግን መጋዘኑ ውስጥ ተጣልቼ፣ ራሴን አሞኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። ምንም አልመጣልኝ አለ። ነገ ምንም አይደርስብህም፣ ሂድና ሥራህን ሥራ ብዬ ላክሁለትና ተኛሁ። ደግ ነገር ተናገርኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

ስልኩ ቀሰቀሰኝ። ሰይድ ነው። ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፣ አልወጣም ብሏል፣ ጃፓኖቹ ከበውታል።

«ምንድነው የደበቅከኝ?» አለኝ።

ምንም አልደበቅኩህም ብለው አላመነም። ማልኩለት፣ ጭራሽ ባሰበት። ተነስቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ከላይ ያለው ልጅ እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«ሁለተኛው መሰላል፣ የታችኛው እግሩ ሊሸሽ ይችላል» አልኩት። «በሽቦ እሰረው፣ ከዚያ ውጣ።»

እፎይ ሲል ከዚያ ድረስ ሰማሁት። አላህ ይስጥልኝ አለኝና ወጣ።